ሳል በተከለከለበት ከተማ ስድስት ቀን

በሰው መሀል ተቀምጣችሁ ጉሮሯችሁን ሲከነክናችሁ ሳላችሁን ውጣችሁት ታውቃላችሁ? ዓይናችሁ እንባ ሞልቶ፣ ፊታችሁ በርበሬ መስሎ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው «ምነው?» ሲል ራሳችሁን ብቻ የነቀነቃችሁበት ቀን የለም? ኮሮና በገባ ሰሞን ይህ ያልደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም። አጎቴ ጋሽ ደምሴ ግን ይህንኑ ሁለት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ እንደ መደበኛ ሥራ ይዘውት ነበር።

ከሸኖ ተነሥቼ የአዲስ አበባን ምሥራቃዊ ጫፍ አይቼ ለመመለስ ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል። መንገዱ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረውን ጊዜ ምን እንደበላው ለማስረዳት ይህን ማስታወሻ ከተመለስኩ በኋላ ጻፍኩት፤ በተለይ አዲስ አበባ ሲባል መርካቶን ብቻ ለምታውቁ፣ ከላምበረት መናኸሪያ ወዲያ ጉዳይ ለሌላችሁ የሸኖ ሰዎች።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ጨርሼ፣ የተረፈኝን ጉልበት የእናቴን ጓዳ በመደርደር ሳጠፋ ጋሽ ደምሴ ደወሉ።

«መቅዲ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» አሉ በሹክሹክታ።

«እናቴ አለች።»

«ወጣ በይ።»

ወጣሁ። ሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ሕክምና ከጀመሩ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው፤ ለማንም አልተናገሩም። ላስረዳ። ይህ በሽታ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳይዘለል በሚዋጥ ኪኒን ይድናል። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ አክታ ይመረመራል፤ ውጤቱ ታይቶ የቀጣዩ ወር መድኃኒት ይሰጣል። ሰውየው ካቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ማዳኑ ከባድ ነው። ድሮ በሽተኛው በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነርሷ ፊት ይውጥ ነበር። ኮሮና ሲመጣ ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ ኪኒኑ ወደ ቤት ይሰጥ ጀመር፤ ግን «ደጋፊ» የሚባል ሰው ሲዋጥ እያየ በየቀኑ ካርድ ላይ ምልክት ማድረግ አለበት።

«ደጋፊ ብዬ ያስመዘገብኩት አንቺን ነው» አሉ።

«መቼ?»

«ኪኒኑን ለቤት የሰጡኝ ቀን። መምህርት ናት አልኳቸው፤ ደስ አላቸው።»

«እኔ ሸኖ ሆኜ? ታዲያ ምልክቱን ማን ሲያደርግ ነበር?»

«እኔው። በግራ እጄ።»

አሁን ግን ግራ እጃቸው የማይፈታው ችግር መጥቷል። የእጃቸው ኪኒን ሐሙስ ያልቃል፤ አክታው መመርመር አለበት፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ የቲቢ ክፍሉን ዘግቷል እየተባለ ነው። ቤት አከራያቸው እትዬ አስካለ «ብርድ መቶኝ ነው» ከመባል በቀር የሚያውቁት ነገር የለም። «ካወቁ ያስወጡኛል» አሉኝ።

ሰኞ

እናቴ የሰጠችኝን ቅቤ፣ አንድ ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ተሳፈርኩ። በወቅቱ መኪና የሚጭነው በግማሽ ነው ተብሎ ታውጇል። ሹፌራችን ሕግ አክባሪ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ኬላ ጋ ስንደርስ ግማሽ ነበርን፤ ኬላውን ስናልፍ ደግሞ እንሞላለን። የሁላችንም ማስክ አገጫችን ላይ ነው። መስኮቶቹ በሙሉ ተዘግተዋል።

የጎኔን መስኮት አንድ ጣት ያህል ከፈትኩ። ከኋላዬ አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«የኔ ልጅ፣ ዝጊው። ብርድ ይመታኛል።»

«እማማ፣ ኮሮናም ሌላውም የትንፋሽ በሽታ አየር በሌለበት ነው የሚተላለፈው።»

«ኮሮናው ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ብርዱ ግን ይኸው ደርሷል።»

መኪናው በሙሉ ከእርሳቸው ጋር ሆነ። ዘጋሁት። ሸኖ ላይ ነፋሱ ማንንም ሳያስፈቅድ በየቤታችን ገብቶ ይወጣል፤ ከሸኖ የተሳፈረ ሰው እንዴት ነፋስ ይፈራል ብዬ እስከ አዲስ አበባ መግቢያ ሳስብ ቆየሁ።

መግቢያው ላይ አንድ ወጣት የሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደገነ። «ሠላሳ ሦስት። እለፊ።»

«ሠላሳ ሦስት ከሆነማ ታምሜአለሁ ማለት ነው» አልኩት። «የሰው ሙቀት ጤነኛ ሲሆን ሠላሳ ሰባት አካባቢ ነው።»

«እኛ የተነገረን ከፍ ሲል እንድንይዝ ነው። ዝቅ ስላለ የተነገረን ነገር የለም። እለፊ፣ ወረፋ አለ።»

ጋሽ ደምሴ የሚኖሩት ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ካለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሁለት ሠርቪስ ክፍሎች ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ የእርሳቸው፣ ሌላው ባዶ። በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ቆሟል። ቧንቧውን ስከፍት ውሃ የለውም። ከኋላዬ የገባው ሰው ግን ደረቁን ቧንቧ ከፍቶ፣ እጁን አሻሽቶ፣ ዘግቶ አለፈ። እኔም እንደ እርሱ አደረግኩ፤ የአገሩን ልማድ ማክበር ጥሩ ነው።

እትዬ አስካለ ጡረታ የወጡ የቀበሌ ጸሐፊ ናቸው። ከበረንዳቸው ሆነው፣ በሦስት ሜትር ርቀት፣ ከእናቴ ጀምረው እስከ ላማችን ድረስ የሁሉንም ጤና ጠየቁኝ። ባዶውን ክፍል ከፍተው አንሶላ ቀየሩልኝ። ራት የመጣው ግን በመስኮት ነው። ትሪውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠው፣ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው፣ «ብሉ እንግዲህ» ብለው ራቁ። ጋሽ ደምሴ ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ነው የሚበሉት፦ ሽሮ፣ የአጃ ሾርባ፣ አንዳንዴም ዶሮ፣ ሁሉም በእንጨት እየተገፋ። ሸኖ ላይ ሰው የሚፈራውን ሰው አያበላም። እዚህ ግን እየፈሩም ያበላሉ።

ማክሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሥራዬን ጀመርኩ። ጋሽ ደምሴ ኪኒናቸውን በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጡ። አፋቸውን ከፍተው እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ።

«የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ እንዴ?»

«የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በግራ እጃቸው አይፈርሙም» አልኳቸው። ከፍተው አሳዩኝ፤ ካርዱ ላይ በቀይ ምልክት አደረግኩ።

እግረ መንገዴን ልጨምር፦ መድኃኒቱ ሽንትን ወደ ብርቱካን ቀለም ይለውጣል፤ የሚያስፈራ አይደለም። የግቢው ሽንት ቤት ግን የጋራ ስለሆነ ጋሽ ደምሴ በገቡ ቁጥር አንድ ባልዲ ውሃ ይዘው ነው። እትዬ አስካለ ይህንን እያዩ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ተከራይ አጋጥሞኝ አያውቅም» ይላሉ።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሳል ያለበት ሰው መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጥበቃው አስቆመን።

«ሳል አለ?»

«የመጣነው ለእርሱ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው አይቻልም።»

«ወንድሜ፣ የሳንባ ሕክምና ነው። የሳንባ በሽተኛ ሳያስል ምን ሊያደርግ ነው?»

ጥበቃው ወረቀቱን እንደ አዲስ አነበበው። ከዚያ ለጋሽ ደምሴ አዘነላቸው። «አባቴ፣ በሩን እስኪያልፉ ያዝ ያድርጉት። ውስጥ ከገቡ የራስዎ ጉዳይ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። ትንፋሻቸውን ውጠው፣ እንደ ሹም ደረታቸውን ነፍተው አለፉ። ውስጥ ደግሞ ሰው ተራርቆ እንዲቀመጥ በየአግዳሚው ወንበር ላይ የኤክስ ምልክት ተለጥፏል። የመቀመጫው ቁጥር በግማሽ ስለቀነሰ የቀረው ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ቆሟል።

የቲቢ ክፍል በር ላይ «ክፍሉ ተዛውሯል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ቀስቱ የሚያመለክተው ግድግዳውን ነው። በመስኮት ሳይ ላስቲካቸው ያልተቀደደ ፍራሾች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። አጠገቡ ካለው ክፍል አንዲት ነርስ ወጣች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ሦስት ነበርን» አለች። «ሁለቱ ለኮሮና ተመደቡ። የቲቢው መዝገብም መድኃኒቱም ሩዋንዳ ሄዷል።» ሩዋንዳ ስትል አትደንግጡ፤ ቦሌ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ምግብ ቤትና እንግዳ ማረፊያ የበዛበት። እዚያ አካባቢ ያለ ሌላ ጤና ጣቢያ ማለቷ ነው። «የነገ ጠዋት አክታ ነገውኑ እዚያ ይድረስ። ውጤቱ ዓርብ ነው። ያንን ሳያዩ ቀጣዩን አይሰጡም።»

«ኪኒኑ ሐሙስ ያልቃል።»

«እንግዲያው ነገ ሳይደርስ እንዳይቀር።» ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ አውጥታ ስማቸውን በፕላስተር ላይ ጻፈችና ሰጠችኝ። «ከደረት ጠልቆ የወጣ ይሁን፤ ምራቅ አይሆንም» አለች። ልንሄድ ስንል መልሳ ጠርታን «አባባ፣ እስካሁን አንድም ቀን አልዘለሉም አይደል? ይበርቱ» አለቻቸው። በዚያ ቀን ስለ ሳንባቸው የጠየቃቸው ብቸኛ ሰው እርሷ ነበረች።

ረቡዕ

የጠዋት አክታ ያስፈልገናል፤ ግቢው ውስጥ ግን ማሳል አይቻልም። ስለዚህ በማለዳ ጋሽ ደምሴ በዘበኝነት ወደሚጠብቁት ጅምር ሕንፃ ሄድን። ለሚ ኩራ ውስጥ ነው፤ አምስት ፎቅ፣ ምሰሶና ወለል ብቻ፣ አንድም ግድግዳ የለውም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንቆም ነፋሱ ቀሚሴን እንደ ባንዲራ አውለበለበው። በስድስቱ ቀን ያየሁት ለሳንባ በሽተኛ የሚስማማ ብቸኛ ክፍል ይህ ነው።

«ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ፤ በሦስተኛው ከሥር ያስሉ» አልኳቸው።

ተነፈሱ። «እህ» አሉ፤ የሰው በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

«ጠንከር አድርገው።»

«እህ።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ሞከርን። ዕቃው ባዶ ነው። «መቅዲ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሁለት ወር ሲመጣ ስመልሰው ከርሜ ዛሬ ብጠራው እምቢ አለኝ።»

መምህር ተማሪው ሲያቅተው ሠርቶ ያሳያል። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ማስኬን ዝቅ አድርጌ፣ ደረቴ እስኪሰነጠቅ ሳልኩ። ደገምኩ። በአራተኛው ላይ ድምፄ ከታችኛው ፎቅ ተመልሶ ሲመጣ ጋሽ ደምሴ ምሰሶውን ተደግፈው መሳቅ ጀመሩ፤ ሲስቁ ትን አላቸው፤ ትን ሲላቸው የሁለት ወሩ ሳል በአንድ ጊዜ መጣ። ዕቃው ተሞላ። ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ በፌስታል ጠቀለልኩት።

ወርደን ስናይ የቀን ሠራተኞቹ በሙሉ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ቆመዋል። በሩ ላይ አምቡላንስ አለ፤ ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ይጠብቁናል። ፎርማኑ በእንጨት እያመለከተ «እሷ ናት» አላቸው። «ሰውየው ደህና ነው። ሁለት ወር አብሮን ሲውል አንድ ቀን ሲያስል አልሰማንም።»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ከሸኖ አልኩ። አንደኛው ቅጹ ላይ «ተጓዥ» ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከእኔም ከጋሽ ደምሴም አፍንጫና ጉሮሮ ናሙና ወሰዱ። ለይቶ ማቆያው ስለሞላ ውጤቱ እስኪመጣ ቤታችን እንድንቆይ ተነገረን፤ ቤቱን እንዲያዩትም በአምቡላንሱ ወሰዱን።

ፌስታሉን ለአንደኛው አሳየሁት። «ይህን ሩዋንዳ ታደርሱልናላችሁ? ዛሬ መድረስ አለበት።»

«ምንድን ነው?»

«የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አክታ።»

ከራስ እስከ እግሩ የተሸፈነው ሰው ወደ መቀመጫው ጥግ ሸሸ። «እኛ አፍንጫና ጉሮሮ ነን። ሳንባ የኛ አይደለም።»

ግቢው ስንደርስ እትዬ አስካለ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ነጭ የለበሰው ቅጹን አውጥቶ በማስኩ ውስጥ እየጮኸ ጋሽ ደምሴን ጠየቃቸው። «ሌላ ሕመም አለብዎት?»

ጋሽ ደምሴ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ሳንባ ነቀርሳ» አሉ። «መድኃኒት ላይ ነኝ።»

«አቶ ደምሴ» አሉ እትዬ አስካለ ከበረንዳው። «ብርድ ነው አላሉኝም?»

«ብዬ ነበር።»

«እና ቲቢ ነው?»

«አዎ።»

እትዬ አስካለ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ስለ ቤቱ ቁልፍ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። «እኔ እኮ ኮሮና ነው ብዬ ሁለት ወር እንቅልፍ አጥቻለሁ» አሉ። «ቲቢማ መድኃኒት አለው።» ወደ ሰውየው ዞረው «ይጋባል?» አሉት።

«መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ሁለት ወር ከዋጡ ብዙ ጊዜ አይጋባም። የሚያረጋግጠው ምርመራው ነው።» ቀጠለና «ለመሆኑ እርስዎ ከሁለቱ ጋር ቅርርብ ነበረዎት?» አላቸው።

«በመስኮት ነው የማበላቸው፤ በእንጨት እየገፋሁ» አሉ ኮራ ብለው።

ቅጹ ላይ ቦታ ፈልጎ ጻፈ። እኔና ጋሽ ደምሴ ከየክፍላችን እንዳንወጣ ታዘዝን፤ እትዬ አስካለ ነጻ ተባሉ። አስቡት፤ ሁለት ወር ጋሽ ደምሴን ስለሸሹ ከግቢው መውጣት የሚችለው ሰው እርሳቸው ብቻ ሆኑ።

አምቡላንሱ ሲሄድ ፌስታሉ እጄ ላይ ነበር። እትዬ አስካለ አዩት። «ያ ምርመራ የሚሉት ይሄ ነው? የት ነው የሚሄደው?»

«ሩዋንዳ። ግን እትዬ፣ አክታ እኮ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ቀበሌ ሠርቻለሁ። ከዚህ የባሰ ፋይል ተሸክሜአለሁ። ደፉ ላይ አስቀምጪው።»

ዘንቢል ውስጥ ከትተው፣ ነጠላ ደርበውበት፣ በሁለት ታክሲ ሄዱ። ከሰዓት ሲመለሱ ተረከቡኝ ብለው ነገሩን። ታክሲው ውስጥ ረዳቱ «ማዘር፣ ምንድነው የታቀፉት?» ሲላቸው «የሸኖ ቅቤ» አሉት። «መስኮቱን ክፈቱ ስላቸው እንደለመዱት ብርድ፣ ብርድ አሉ» አሉኝ። «አንዴ ደግመው እምቢ ቢሉኝ ዘንቢሉ ውስጥ ያለውን ልነግራቸው ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ከፈቱት።»

ሐሙስ

የመጨረሻው ኪኒን ተዋጠ። እኔ በክፍሌ በር ላይ ቆሜ በሩቅ አየሁ፤ ጋሽ ደምሴ ሳይታዘዙ አፋቸውን ከፈቱ። ካርዱን በመስኮት እትዬ አስካለ ተቀብለው በመነጽር መረመሩት።

«ይህን ምልክት ሁሉ ያደረገው ማነው?»

«መቅዲ ናት» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«መቅዲ ግራኝ ናት?»

ቀበሌ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራን ሰው በፊርማ ማታለል አይሞከርም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አሉ፣ ቆጣ ሳይሉ።

ጋሽ ደምሴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ከዚህ በፊት የተከራየሁበት ቤት፣ ገና ማሳል ስጀምር፣ ከሥራ ስመለስ ፍራሼን ደጅ አገኘሁት። ዝናብ ነበር። በሩን አንኳኳሁ፤ መብራቱን አጠፉ።»

እትዬ አስካለ ካርዱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በዚያ ቀን ምሳው ላይ ሁለት እንቁላል ተጨምሮ መጣ።

ዓርብ

ግቢው ውስጥ አንድም ኪኒን የለም። እትዬ አስካለ ጎሕ ሲቀድ ወጥተዋል። ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ባዶውን ማሸጊያ በጣታቸው ሲያገላብጡ ዋሉ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሦስት አለፈ፣ አምስት አለፈ። እኔ ስለ መድኃኒት መላመድ ማስረዳት የምችለውን ሁሉ አስረድቼ ጨርሻለሁ። እኩለ ቀን ላይ ስልክ ተደወለ፤ የሁለታችንም የኮሮና ውጤት ነጻ ነው። ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁና እንደገና ወደ በሩ አዩ። ሲጠብቁ የዋሉት ውጤት ያ አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ላይ እትዬ አስካለ ገቡ። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው በመጀመሪያ ጫማቸውን አወለቁ፤ እግራቸው አብጧል።

«ምንም አልታየም» አሉ። «አክታዎ ንጹሕ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ከወንበሩ ሊነሡ ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ።

ቀጥለው የሆነውን ነገሩን። መድኃኒት የሚያወጣው ልጅ «ሕመምተኛው ራሱ ወይም የተመዘገበችው ደጋፊ መምህርት መቅደስ ካልመጣች አልሰጥም» ብሏቸዋል። «ልክ ነህ» አሉት። «ስሟን ሰርዝ። ልጅቷ ሸኖ ነው የምትኖረው፤ ከሸኖ ሆና ሲዋጥ ልታይ አትችልም። የእኔን ጻፍ።» መሰረዝ ስልጣኑ እንዳልሆነ ነገራቸው። ስልጣኑ የማን እንደሆነ ጠየቁት። ስልጣን ያላት ነርስ እስክትመጣ ሦስት ሰዓት ጠበቁ፤ ስትመጣ ማመልከቻቸውን ጽፈው፣ ቀንና ፊርማ አድርገው፣ ግልባጭ ይዘው ቆመዋል።

«እርስዎስ ሲውጡ በምን ያዩዋቸዋል?» አለቻቸው ነርሷ።

«በመስኮት።»

«እማዬ፣ ሁሉም ደጋፊ በመስኮት ቢያይልኝ ደስ ይለኝ ነበር» ብላ ካርቶኑን ሰጠቻቸው።

ካርቶኑን ከፈቱ። የአዲሱ ወር ኪኒን ቁጥሩ አነስ ይላል። እትዬ አስካለ መስኮቱ ጋ ቆመው ውሃ ቀዱ፤ ብርጭቆውን በእንጨት ሳይሆን በእጃቸው አቀበሉ። ጋሽ ደምሴ ዋጡ።

«አፍ ይክፈቱ» አሉ እትዬ አስካለ።

ከፈቱ። ካርዱ ላይ፣ በቀኝ እጅ፣ ከእኔ ምልክት ሁለት እጥፍ የሚሆን ምልክት ተደረገ።

ቅዳሜ

ከሥራዬ በክብር ተሰናበትኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልረዳ ብዬ ስነሣ ሁሉ ነገር አልቋል፤ እትዬ አስካለ በረንዳቸው ላይ ካርዱ ላይ መስመር እያሰመሩ ነው። «ደብተርሽን እዚህ ተዪልኝ» አሉኝ፤ ቀይ እስክሪብቶዬን ግን በግልጽ ነጠቁኝ። ጨጨብሳ በልቼ፣ ለእናቴ በርበሬ ተጠቅልሎልኝ ተሳፈርኩ።

የሸኖ አንባቢዬ፣ አዲስ አበባ ሂድ አልልህም፤ አንቺንም አልልሽም። እዚሁ በሰፈራችን ስድስት ወር ኪኒን የሚውጥ ሰው አይጠፋም። አይነግራችሁም፤ ብርድ ነው ይላችኋል። ነገ ጠዋት አንዱን ሰው ለብቻው አግኙና «ዛሬ ዋጥክ? ዋጥሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ገና ነው ካላችሁ አትምከሩ፤ እኔ ብዙ መክሬ ምን እንዳመጣሁ አይታችኋል። ውሃ ቅዱለት፣ እስኪውጥ አጠገቡ ቁሙ፣ ካርዱ ላይ ምልክቱን አድርጉ። ስድስት ወር ሙሉ አልጠየቅኳችሁም። አንድ ጠዋት ሞክሩት።